የካምቢዮው ልብስ

በባልና ሚስት መካከል ያለ ልጅ ባለቤቱ እንደ ውሎው ይለዋወጣል። ከትምህርት ቤት ሽልማት ይዛ የመጣች ቀን እናት «ልጄ» ትላታለች። የጎረቤት መስኮት የሰበረች ቀን «ልጅህ» ትሆናለች። ይህን ሕግ ማን እንዳወጣው አላውቅም። ፓርላማ አልቀረበም፣ ድምፅም አልተሰጠበትም፤ ግን ከአዲስ አበባ እስከ ኮሎምበስ ኦሃዮ የማይሠራበት ቤት አላየሁም። የኛዋ ብሌን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የእናቷ ልጅ ነበረች። ስትመረቅ የእናቷ፣ ሥራ ስትይዝ የእናቷ። እኔ የምታወሰው የሚያደርሳት ሰው ሲጠፋ ብቻ ነበር። ከዛሬ ሦስት ዓመት በፊት ግን አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ ያለ ዳኛና ያለ ምስክር፣ ሙሉ በሙሉ ወደ እኔ ተዛወረች።

ምክንያቱ መኪና ነው። ሚነርቫ ፓርክ ያለው ቤታችን ደጃፍ ላይ አንድ ተጎታች መጥቶ ቆመና ከብሌን በዕድሜ የሚበልጥ ባለ ሁለት በር መኪና አራገፈ። ቀለሙ የተላጠ፣ ወንበሩ የወለቀ፣ ሞተሩ ለብቻው በሣጥን የመጣ። ባለቤቴ የሺ በመስኮት አየችውና ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «ልጅህ ቆርቆሮ ገዝታ መጣች» አለችኝ። ያን ቀን የተጀመረው «ልጅህ» ሁለት ዓመት ሙሉ አልቆመም።

ቆርቆሮው ለካስ የሚሠራው ለድራግ ሬስ ኖሯል። ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ይቆማሉ። መብራት ይበራል። ቀጥ ባለ መንገድ ሩብ ማይል ይበራሉ፤ አለቀ። መታጠፍ የለ፣ ቆም ብሎ ሰላም መባባል የለ። ነገሩ በሙሉ አሥር ሰከንድ ግድም ነው፤ እኔ ግንባሬ ላይ ያለውን መነጽር ፈልጌ እስካገኘው ድረስ ማለት ነው። እኔ ራሴ መካኒክ ነኝ። ጋሃና የምትባለው ከተማ አጠገብ ያለው ኤርፖርት ውስጥ የሻንጣ መጎተቻዎችን እጠግናለሁ። የኔ መኪኖች ሰው በእግሩ የሚቀድማቸው ናቸው። በሕይወቴ አንድም ቀን «ፈጥኖ ሄደ» ተብሎ መጎተቻ ተመልሶብኝ አያውቅም። እንዲህ ካለ አባት ይህች ልጅ ከየት መጣች? የሺ መልሱን ታውቀዋለች፤ ከኔ።

አንድ እሑድ ምሳ ላይ ብሌን ነገሩን ለእናቷ ላስረዳ ብላ ተነሣች። ያን ቀን አፏን ብትይዝልኝ ኖሮ ይህን ወግ ባልጻፍኩ። ካምቢዮው፣ ማለትም እሷ «ትራንስሚሽን» የምትለው ማርሽ ቀያሪው፣ የተቀመጠው ከወለሉ ሥር፣ ከነጂው ቀኝ እግር ጎን ነው። በዚያ ፍጥነት ሲሽከረከር ውስጡ አንድ ነገር ከተሰበረ ብረቱ ወለሉን በስቶ ሊወጣ ይችላል። ብሌንም እናቷን ለማጽናናት፣ «ማሚ፣ ዶንት ዎሪ፣ ትራንስሚሽኑ ኤክስፕሎድ ቢያደርግ እንኳ ሺልድ ይኖረዋል» አለቻት። እስቲ ፍረዱኝ። አንዲትን እናት እንቅልፍ መንሳት ከፈለጋችሁ «አትጨነቂ» እና «ኤክስፕሎድ» የሚሉትን ቃላት በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከማስገባት የተሻለ ዘዴ አለ?

የሺ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ከዚያ ፈረደች። የውድድሩ ቀን እኔም እሄዳለሁ አለች። ከውድድሩ በፊት መኪናውን የሚመረምረው ሰው እኔ ቆሜ እየሰማሁ በገዛ አፉ ደኅና ነው ይበል። አንዲት «ኖ» ከአፉ ከወጣች ግን መኪናው ይሸጣል፤ ጉዳዩም ከዚያ ወዲያ በዚህ ቤት አይነሣም። በይ ማይ፣ በማርያም በይ። ብሌን በማርያም አለች። ማታ ጋራዥ ውስጥ ስገባ መሬት ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። «ይሄ ብቻ ነው በራሴ የሠራሁት፣ አባዬ» አለችኝ። ልብ በሉ፤ ብሌን እኔን የምትጠራኝ «ዳድ» ብላ ነው፣ ንግግሯም ግማሹ እንግሊዝኛ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጀምራ በአማርኛ የምትጨርሰው ነገሩ ሲከብዳት ብቻ ነው። የልጄ እግር ከዚያ ብረት ጎን መቀመጡም ያስፈራኛል፤ መኪናው ተሽጦ ልጄ ባዶ ጋራዥ ስታይ ማየቱም ያስፈራኛል። ስለዚህ የካምቢዮውን መከላከያ ነገር ለኔ ተይው አልኳት። ከዚህ በኋላ የተበላሸው ሁሉ የመጣው ከዚህች «ለኔ ተይው» ነው።

መከላከያው፣ ብሌን «ሺልድ» ያለችው፣ ሁለት ዓይነት ነው። ጠንካራው ከብረት ወይም ከአሉሚኒየም የተሠራ ሆኖ ካምቢዮው ላይ እንደ ክዳን የሚደፋ ነው። ለስላሳው ደግሞ ጥይት የማይበሳው ሰደርያ ከሚሰፋበት ጨርቅ ተሰፍቶ ካምቢዮው ላይ የሚጠቀለልና በማሰሪያ የሚጠፈር ነው። ጠንካራው ዘይት አይጠጣም፤ ግን ቦታ ይፈልጋል። ለስላሳው ጠባብ ቦታ ይገባል፤ ግን ዘይት ይጠጣል፣ እሳት ይፈራል፣ የጥራት ምልክቱም ጊዜው ያልፍበታል። ብሌን ለስላሳው ይሻላል፣ መጀመሪያ ግን ሜዠር አድርግ አለችኝ። እኔ ግን ሐበሻ ነኝ። ሐበሻ ሜትር ከማንሣቱ በፊት ሽማግሌ ያማክራል።

ሽማግሌዬ ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ጋራዥ ያላቸው ጋሼ ተፈራ ናቸው። የኛ ሰው ከጥርስ ሕመም በቀር የማያማክራቸው ነገር የለም፤ ለጥርስም የሚሄድ አይጠፋም። ጋሼ ተፈራ ጉዳዩን ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝና፣ «ልጄ፣ ብረትን የሚያቆም ብረት ነው፤ ጨርቅ ለሙሽራ ነው» አሉ። እንዲህ ያለ አነጋገር ሰምቶ ሜትር የሚያነሣ ማን ነው? የዚያኑ ዕለት ጠንካራውን አዘዝኩ።

መጣ፤ አልገባም። ከወለሉና ከካምቢዮው መካከል ያለው ክፍተት መዳፌን እንኳ አያስገባም። ወለሉን ትንሽ ወደ ላይ ብደበድበውስ ብዬ መዶሻ አነሣሁ። ብሌን መዶሻውን ከእጄ ቀስ ብላ ወሰደችው፤ ሕፃን ቢላ ይዞ ሲገኝ እንደሚወሰደው። መለስነው።

ሁለተኛውን ለስላሳውን ገዛሁ፤ ከኢንተርኔት፣ ከአንድ ሰው ላይ፣ ያገለገለ። ሰውየው ጨዋ ነው፣ ዕቃውም ንጹሕ ነው። ብሌን ገለበጠችውና ጫፉ ላይ የተሰፋውን ምልክት አሳየችኝ፤ «ኤክስፓየር አድርጓል፣ ዳድ»። ጨርቅ ነው እኮ። ጨርቅ እንደ ወተት ይበላሻል ወይ? አዎ፣ ይህኛው ይበላሻል ተባልኩ። ተመርምሮ ካልታደሰ በቀር መርማሪው ምልክቱን አንብቦ የሚያመጣው «ኖ» ነው። ሦስተኛው አዲስ፣ በልኩ የታዘዘ፣ ጥቁር ሆኖ ስፌቱ ቀይ። ሣጥኑ ሲገባ የሺ ኮሪደር ላይ ቆማ አየችውና፣ «አሜሪካ ከመጣን ጀምሮ ለኔ አንድ ብርድ ልብስ ገዝተህ አታውቅም፤ ለልጅህ ካምቢዮ ሦስት ልብስ አማረጥክ» አለች። እውነት ነው።

ማልበሱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። መኪናውን በክሪክ አንሥተን፣ አራት ጠንካራ እግር ላይ አቁመን፣ አባትና ልጅ ጀርባችንን ሲሚንቶው ላይ አሳርፈን ከሥሩ ገባን። ካምቢዮውን ከሥር የሚይዘው ድልድይ ይፈታል፣ የዘይት ቱቦዎቹ ይላቀቃሉ፣ የማርሹ ገመድ ይወልቃል። ከቱቦው የቀረው ዘይት የት እንደሚፈስ ገምቱ። ግራ ጆሮዬ ውስጥ። ብሌን መመሪያውን ከስልኳ ላይ እያነበበች ቅደም ተከተሉን ትነግረኛለች። እኔ ሠላሳ ዓመት መካኒክ የኖርኩ ሰው መመሪያ ሊነበብልኝ? ያለ መመሪያ ጠቀለልኩት። ለዘይት መለኪያው ዘንግ የተተወው ቀዳዳ በተቃራኒው በኩል፣ ከጭስ ቧንቧው ፊት ለፊት ሆኖ ተገኘ። ፈታነው። እንደ መመሪያው አለበስነው። ብሌን ማሰሪያዎቹን አንድ በአንድ ወጥራ፣ በጨርቁና በጭስ ቧንቧው መካከል እጇን አስገብታ ክፍተቱን ለካች፣ ማርሹን ሁሉ ሞከረች፣ ምልክቱ ወደ ታች ዞሮ እንዲነበብ አደረገች። ስንወጣ ሁለታችንም ጥቁር ሆነናል፤ ካምቢዮው ግን የሰርግ ልብስ ለብሷል። እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ።

አሁን ስለ ሳሎናችን አንድ ነገር ልናገር፤ ካልተናገርኩ የቀረው አይገባችሁም። ሶፋችን የተገዛው ብሌን ሁለተኛ ክፍል እያለች ነው። እስከዛሬ ከነላስቲኩ ነው። ላስቲኩ የፋብሪካው እንኳ አይደለም፤ ያ ሲቀደድ የሺ ወፍራም ብርሃን አሳላፊ ላስቲክ በጥቅል ገዝታ፣ ጠርዙን በነጭ ጥብጣብ አሰፍታ፣ በልኩ አልብሳዋለች። በበጋ አጭር ሱሪ ለብሶ የተቀመጠ እንግዳ ሲነሣ የሚሰማው ድምፅ ያሳዝናል። ሪሞቱ ላስቲክ ለብሷል። የመብራቱ ቆብ ላስቲክ ለብሷል። ጥፋቱ በከፊል የኔ ነው። «እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ» ተብዬ ነበር፤ አማቴ ቤት ገብቼ ሬዲዮናቸው ከነዳንቴል ልብሱ ሲያወራ በዓይኔ አይቻለሁ። እያየሁ አገባሁ። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ሙሉ ላስቲክ ይነሣ ብዬ ተሟግቻለሁ። በዚህ ክርክር ብሌን ሁልጊዜ ከኔ ጋር ናት፤ ጓደኞቿን ስታመጣ ሶፋውን እንደ ሙዚየም ታስጎበኛለች።

ዓርብ ከሰዓት ብሌን ሥራ ናት፤ መኪናው በማግሥቱ ጠዋት በተጎታች ይሄዳል። ለመጨረሻ ጊዜ ልይ ብዬ ገባሁ። ከላይ ከቱቦው መጋጠሚያ አንዲት የዘይት ጠብታ ተንጠልጥላለች። ቱቦውን አጠበቅኩ፣ ጠብታዋን ጠረግኩ፤ ልቤ ግን አላረፈም። መንገዱ አቧራ ነው፣ ዝናብም ተተንብዮአል፣ ጨርቁ ደግሞ ዘይት ይጠጣል። ያ ሁሉ ተለፍቶበት፣ በሦስተኛው ተገኝቶ፣ ገና በመጀመሪያው ቀን ሊቆሽሽ? ምድር ቤት ወረድኩ። ከሶፋው የተረፈ አንድ ክንድ ተኩል ላስቲክ ከነነጭ ጥብጣቡ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። የቀረውን አትጠይቁኝ። ከመኪናው ሥር ገብቼ ጨርቁ ላይ አለበስኩት፣ እጥፋቱን አስተካከልኩ፣ በፕላስቲክ ማሰሪያ ጠፈርኩት። በጣም አምሮ ነበር። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለውን አባባል ያወጣው ሰው እኔን በሩቅ አይቶኝ መሆን አለበት።

ቅዳሜ ጠዋት ከከተማው በስተምሥራቅ፣ በበቆሎ እርሻ መካከል ወደተዘረጋው መወዳደሪያ ደረስን። የሺ ታጣፊ ወንበሯን ይዛ ከመርማሪው አጠገብ ቆመች፤ አልተቀመጠችም። መርማሪው ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ ናቸው። የብሌንን የራስ ቁር ውስጡን አዩ፣ ቀበቶውን ጎተቱ፣ ሞተሩን አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። በደግ ነው የነቀነቁት። ከዚያ ባትሪ ይዘው ከመኪናው ሥር ገቡ። ቆዩ። በጣም ቆዩ። ሲወጡ ይህን ማን ነው ያደረገው ብለው ጠየቁ። ከዚያም፣ «ኖ» አሉ። «ይህ ነገር እላዩ እያለ፣ ኖ»።

ብሌን ጎንበስ ብላ አየች። ቀና ብላ እኔን አየችኝ። «አባዬ» አለች። መሬት ብትከፈትልኝ ካምቢዮውን ይዤ እገባ ነበር። የልጄን የሁለት ዓመት ልፋት በአንድ ክንድ ተኩል ላስቲክ ገደልኩት። የፈራሁት ዘይት ነበር፤ ዘይቱ ይሻለኝ ነበር።

የሺ ጠጋ አለች። ምን ተገኘ ብላ ጠየቀች። ሽማግሌው እጃቸውን ሰድደው የላስቲኩን ጫፍ ወደ ውጭ ሳቡላት። ነጩ ጥብጣብ በፀሐይ ታየ። የሺ ጥብጣቡን አየች፣ እኔን አየች፣ እንደገና ጥብጣቡን አየች። «ይሸጥ» የምትለውን ቃል እጠብቃለሁ። አልመጣም። ይልቁንም ወደ ሽማግሌው ዞራ፣ ላስቲክ ምን አደረገ፣ ንጽሕና መጠበቅ ጥፋት ነው ወይ ብላ ጠየቀቻቸው፤ በዚያ ጥርት ባለ የቢሮ እንግሊዝኛዋ። ሽማግሌው በትዕግሥት አስረዱ። ካምቢዮው ይግላል፣ ላስቲኩ ይቀልጣል፣ ጭስ ቧንቧው ላይ ይንጠባጠባል፣ መኪናው ይነድዳል። የሺ ትንሽ አሰበችና፣ መኪናው ራሱስ፣ ልጅቷ የሠራችው፣ ምን ይመስላል አለች። እንዲህ ያለ ንጹሕ ሥራ ከስንት አንዴ ነው የማየው፣ ያንን ላስቲክ አውልቁና መኪናውን በአንድ ሰዓት ውስጥ መልሳችሁ አምጡት አሉ።

የሺ ወደ እኔ ዞረች። «ሰምተሃል? ‘ኖ’ ያሉት ላስቲኩን ነው፤ መኪናውን አይደለም።»

ሕግ አዋቂ ነኝ የሚል ሰው ይህን ፍርድ ያስረዳኝ። እኔ የገባኝ ይህ ነው። መኪናው በላስቲክ ምክንያት ከተፈረደበት ሶፋው ሊድን ነው? ሪሞቱስ? ዳኛ በገዛ ሳሎኑ ላይ አይፈርድም። ምክንያቱ የፈለገው ይሁን፣ እግሯን ብስም ደስ ባለኝ።

ብሌን ወዲያው ከመኪናው ሥር ገባች፣ እኔም ተከተልኳት። የሺ ከቦርሳዋ ትንሽ መቀስ አውጥታ አቀበለችንና ማሰሪያውን ብቻ ቁረጡ፣ ላስቲኩን እንዳትነኩት አለች። ብሌን ከሥር ሆና እኔንም እናቷንም አንድ ላይ ትመክረናለች። ፕላስቲክ የሚመጣው እንዲላጥ ነው። ሁ ዳዝ ዛት፣ ዳድ? ማነው ሴፍቲ ሺልድ ላይ የሶፋ ላስቲክ የሚያለብሰው? ዕቃ የሚገዛው ሊሠራበት ነው፣ ለሙዚየም አይደለም። የራሷ ቤት ሲኖራት አንድም ላስቲክ በበሩ አይገባም፤ ስዌር አደረገች። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የሚባለው ለኔ ነው፤ ሃያ ዓመት ሚስቴን ስወቅስ ኖሬ በመጨረሻ ያለበስኩት እኔ ነኝ። የሺ ላስቲኩን ተቀበለች፣ በመሐረብ ጠረገች፣ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ሽማግሌው እንደገና ገቡ፣ ምልክቱን አነበቡ፣ ወጡና የመኪናው መስተዋት ላይ የማለፊያ ምልክት በነጭ ቀለም ጻፉ። የሺ አሁን አፍ አውጥተው ይናገሩት አለች። ሽማግሌው ግራ ተጋቡ፤ ብሌን ጆሯቸው ላይ ነገረቻቸው። ከዚያ ቆባቸውን አውልቀው፣ «እመቤት፣ ይህ መኪና ደኅና ነው» አሏት።

ስለ ውድድሩ ብዙ የምነግራችሁ የለኝም። መብራቱ ሲበራ የሺ ክንዴን ያዘችና ዓይኗን ጨፈነች። መሬቱ ተንቀጠቀጠ። እኔ የማየው ልጄን ሳይሆን ከቀኝ እግሯ ጎን ያለውን ጥቁር ጨርቅ ነው፤ በብረቱ ውስጥ አልፌ የማየው መስሎኝ ነበር። የሺ ዓይኗን ስትገልጥ አልቋል። ምን ሆነች አለች። አለፈች አልኳት። በሰላም? በሰላም። ክንዴ ላይ የጥፍሯ ምልክት ለሳምንት ቆይቷል።

ብሌን መኪናውን እየነዳች ተመለሰች። በሩን ከፍታ የራስ ቁሩን ሳታወልቅ ወጣች። ካምቢዮው አልተነቃነቀም፣ ሁሉ ነገር ፐርፌክት ነበር አለች። አንድ ነገር ብቻ አስቸግሯታል፤ መብራቱ ደብዘዝ ብሎ፣ መንገዱም እንደ ጭጋግ ሆኖ ነው የታያት፣ ምናልባት ፀሐዩ ይሆናል። የሺ ቀረብ አለች። ልጇን ልትስም መስሎኝ ነበር። አልሳመቻትም። ጎንበስ ብላ የራስ ቁሩን መስተዋት ጥግ በጥፍሯ ጫር አደረገችው። ስስ ላስቲክ ከጥጉ ብድግ አለ። አዲሱ የራስ ቁር ከሱቅ ሲወጣ የነበረበት፣ ብሌን ያላላጠችው ላስቲክ። ሩብ ማይሉን የበረረችው በላስቲክ ውስጥ እያየች ነው።

የሺ ላስቲኩን ልትልጠው ስትል ብሌን እጇን ያዘቻት። «ማሚ፣ ዶንት። ስክራች ያደርጋል፤ አዲስ እኮ ነው።»

የሺ እጇን መለሰች። ጥጉን በአውራ ጣቷ ቀስ አድርጋ እንደነበረ ለጠፈችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ ፊቷ ላይ ከብሌን ምረቃ ወዲህ ያላየሁት ኩራት አለ።

«ልጄ ናት» አለችኝ።

መኪናው አልተሸጠም። የተረፈው ላስቲክ ምድር ቤት፣ እቦታው ተመልሷል። «ልጅህ» የሚለው ቃል ከቤታችን ከወጣ ሰነበተ። አሁን አንድ ነገር ሲበላሽ የሺ ዞር የምትለው ወደ ብሌን ነው፤ «አባትሽ» ትላታለች።